ማኅተሙን አስቀምጡትና መዝገቡን አምጡት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጠሙ፤ የቆሰለ አውሬን ዱካ ተከትሎ የሚያገኝ ውሻ። የሚመልሱላችሁ በፔንሲልቬንያ ገጠር የሚኖሩ፣ «ጎፈሬ» የምትባል ባለ ሻካራ ጸጉር ዳክስሁንድ (እግረ አጭር የጀርመን አዳኝ ውሻ) ይዘው በየመኸሩ አዳኞችን የሚረዱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ የምንኖር አጋዘን አዳኞች ነን። ባለፈው ወቅት ከመካከላችን አንዱ በቀስት የመታው ትልቅ ወንድ አጋዘን ጫካ ውስጥ ጠፋበት። አንድ ፈረንጅ ውሻ በረጅም ገመድ ይዞ መጣና በማግስቱ አገኘልን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልባችንን ስለ ወሰደው፣ በመላው አሜሪካ ለሚኖሩ ሐበሻ አዳኞች የሚያገለግል ብሔራዊ የውሻ ማኅበር ለመመሥረት ተነሥተናል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠናል። መተዳደሪያ ደንቡ አሥራ አራት ገጽ ሆኗል፤ ማኅተምም አስቀርጸናል። ውሻ ግን ገና የለንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ምን ይመክሩናል? (ከሴንት ፖል)

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ቀጥሎ የምለው ትንሽ ይመራል፤ ማኅተሙን ሣጥን ውስጥ ክተቱት። በሰው አገር ሦስት ሐበሻ ሲገናኝ ማኅበር ይመሠርታል፤ አራተኛው ሲመጣ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ሥራ ላይ ግን ክርክሩን የሚፈታው ጫካ ውስጥ የወደቀው አጋዘን ነው። ያለ ውሻ የተመረጠ ሊቀ መንበር ምኑን ሊመራ ነው?

የምትመኙት ብሔራዊ ማኅበር በአሜሪካ አለ። ዩናይትድ ብለድ ትራከርስ ይባላል፤ በ2005 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ለመድረስ በምን መንገድ እንደ ሄዱ ብታውቁ፣ አሥራ አራቱን ገጽ እናንተው ራሳችሁ ወደ ሁለት ታወርዱታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኒው ዮርክ ግዛት ነው። በ1970ዎቹ ጆን ዣነኔ የተባሉ የታሪክ መምህር ከአውሮፓ የመጣውን ልማድ፣ ማለትም የቆሰለን አውሬ በገመድ በተያዘ ውሻ መፈለግን፣ በአገራቸው ለመሞከር ፈለጉ። ሕጉ ግን አይፈቅድም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋዘን በውሻ እየተሳደደ፣ በጥይት እየተለቀመ ሊያልቅ ስለ ደረሰ፣ የሰሜን ግዛቶች ውሻንና አጋዘንን የሚያገናኝ ነገር ሁሉ ከልክለው ነበር። በነፃ ተለቆ ጤነኛውን የሚያሳድድ ውሻና በገመድ ተይዞ የሞተውን የሚፈልግ ውሻ በሕጉ ዓይን አንድ ሆነው ቀሩ።

ዣነኔ ሕጉን ለመሻር ሰላማዊ ሰልፍ አልወጡም። ከግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምርምር ፈቃድ ጠየቁና አገኙ። ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ዲር ሰርች የተባለውን የፈቃደኞች ማኅበር በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አቋቋሙ። አዳኝ ሲደውል ይሄዳሉ፤ ይፈልጋሉ፤ የሆነውን ይጽፋሉ። ኒው ዮርክ ነገሩን በሕግ የፈቀደችው በ1986 ነው። ዛሬም በዚያ ግዛት ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ዓመታት የፈጀ ሥራና መዝገብ፣ ከዚያ ሕግ። ብሔራዊው ማኅበር እንኳ ገና አልተወለደም ነበር።

ታዲያ በ2005 ብሔራዊ ማኅበር ለምን አስፈለገ? አሜሪካ ውስጥ የአደን ሕግ የሚወጣው በየግዛቱ ስለሆነ ነው። የኒው ዮርክ ድል ለጎረቤቷ ለፔንሲልቬንያ ምንም አልፈየደም። እኔ ያለሁበት ግዛት የፈቀደው በ2018 ነው፤ የእናንተዋ ሚኒሶታ በ2019። ያ ጓደኛችሁን የረዳው ፈረንጅ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ያንኑ ውሻ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ሕግ እንደ ጣሰ ይቆጠርበት ነበር። በየግዛቱ የነበሩት ባለ ውሾች ብቻቸውን ነበሩ፤ አንዱ የሕግ አውጪዎቹን ጥያቄ ሲመልስ ሌላው ያንኑ መልስ ሌላ ቦታ ከባዶ ይጀምራል። ደቡብ ላይ፣ በቴክሳስና በአካባቢዋ፣ ውሻን ፈትቶ መልቀቅ የተለመደ ነው፤ ሰሜን ላይ ደግሞ ገመዱን የለቀቀ ሰው በሕግ ይጠየቃል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማስቀመጥ የዘር ጥያቄ መጀመሪያ መፈታት ነበረበት።

የውሻ ዘር ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የማኅበር ሁሉ ዕጣ የሚወሰነው «አባል ማነው?» በሚለው ላይ ነውና። ጀርመኖች ይህን ሥራ ከማንም በፊት ያደራጁ ናቸው። ፌራይን ሂርሽማን የተባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1894 ነው፤ የሚቆመውም ለአንድ ዘር ብቻ፣ ለሃኖቨር የደም ዱካ ውሻ ነው። ቡችላ ከዚያ ለመውሰድ ገንዘብ መያዝ አይበቃም፤ ለውሻው በቂ ሥራ የምትሰጥበት ጫካ እንዳለህ ማሳየት አለብህ። የባቫሪያ ተራራ ውሻ የራሱ ክለብ በ1912 ተቋቋመለት። የአዳኝ ውሾች ክለቦች ሁሉ የተሰባሰቡበት ጃንጥላ ድርጅት ደግሞ በ1899 ቆመ። የጃንጥላው ፈተና ቢያንስ አንድ ሺህ ሜትር የሚረዝም ዱካ ነው፤ በዚያ ሁሉ ርቀት የሚንጠባጠበው ደም ሩብ ሊትር ብቻ ነው፤ ደሙ ከተንጠባጠበ በኋላ ሃያ ሰዓት፣ ከፍ ባለው ደረጃ አርባ ሰዓት ያድራል። ሌሊት ዝናብ ቢዘንብ ማንም አያዝንልህም።

አሜሪካኖቹ ይህን ፈተና አደነቁ፤ የዘር አጥሩን ግን አልወሰዱትም። ልክ ነበሩ እላለሁ። ብሔራዊው ማኅበር ማንኛውንም ዘር ይቀበላል፤ ዳክስሁንዱም፣ የቴክሳሱ ሌሲም፣ ከውሻ መጠለያ የተወሰደ ዲቃላም እኩል ይፈተናሉ። በዘር ቢጀምሩ ኖሮ በመላ አገሪቱ አንድ ሆቴል የማይሞላ የትልልቅ ሰዎች ክበብ ሆነው ይቀሩ ነበር። ይልቅ ሦስት ነገር ያዙ። አዳኙ በየግዛቱ ያለውን ባለ ውሻ የሚያገኝበት የስልክ ማውጫ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ፈተና፣ ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው የሚማማሩበት ዓመታዊ ስብሰባ። ከሦስቱ ዋናው ማውጫው ነው። ሌላው ለባለ ውሾቹ ነው፤ ማውጫው ግን ለአጋዘኑና ለአዳኙ ነው።

ስልኩ የሚጮኸው ማታ ነው። አዳኙ ፀሐይ ስትጠልቅ ተኩሶ፣ በባትሪ ሲያስስ አምሽቶ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ደሙን ረጋግጦ ሲያበቃ ይደውላል። «ልቡን ነው ያገኘሁት፣ እርግጠኛ ነኝ» ይላል። ልቡን አግኝቶት ቢሆን ኖሮ አይደውልም ነበር። እኔ ጫማዬን ሳላነሣ እጠይቀዋለሁ። ሲመታ ምን አደረገ? የኋላ እግሮቹን እንደ በቅሎ ካራገጠ ብዙ ጊዜ ደረቱ ነው፤ ጀርባውን አጉብጦ ቀስ ብሎ ከሄደ ሆዱ ነው። ቀስቱን አሽትተው፤ ፈርስ ፈርስ ይላል? ደሙ ብሩህ ሆኖ አረፋ ይዟል ወይስ ጠቁሯል? አረፋው የሳንባ ነው፤ የጠቆረው የጉበት ሊሆን ይችላል። የወደቀው ጸጉር ነጭ ነው ቡናማ? ነጩ ከሆድ በታች ነው። ፈርስ ካለበት «አሁኑኑ ሁላችሁም ከዚያ ጫካ ውጡ፤ ጠዋት እመጣለሁ» እላለሁ። ብዙዎች ይቆጣሉ። ሆዱን የተመታ አጋዘን ካልተነካካ ብዙ ሳይርቅ ይተኛል፤ ከተኛበት ከተቀሰቀሰ ግን ደም ሳያንጠባጥብ ኮረብታውን ተሻግሮ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ትንሹ ነው፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ብትጠብቁ ይመረጣል። አያችሁ፣ ውሻው ከመኪና ሳይወርድ ግማሹ ሥራ በስልክ አልቋል። ማኅበራችሁ ዛሬ ውሻ ባይኖረውም ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊኖረው ይችላል፤ በአማርኛም ጭምር። እንግሊዝኛው ያልደረጀ አዲስ መጤ አዳኝ በድንጋጤ ሰዓት የሚደውልለት ሰው ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መዝገቡ። ተራ ደብተር ይበቃል። የተደወለበት ሰዓት፣ የተተኮሰበት ሰዓት፣ በምን እንደተመታ፣ የት እንደተመታ አዳኙ ያለውና በኋላ የታየው (ሁለቱ እንደሚለያዩ ጠብቁ)፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ስንት ሰው ዱካውን እንደ ረገጠ፣ ውሻው የሄደበት ርቀት፣ የተገኘ ወይም ያልተገኘ። ያልተገኘውን ካልጻፋችሁት ደብተሩ ማስታወቂያ ይሆናል። ደግሞም አለመገኘት ሁልጊዜ ሽንፈት አይደለም፤ ጥሩ ውሻ ያለው ሰው ከተጠራበት ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ትከሻው ላይ ወይም ከአከርካሪው በላይ የተመታ አጋዘን ብዙ ጊዜ ድኖ ይኖራልና። ውሻው ሩቅ ሄዶ፣ የተኛበት ቦታ ሳይገኝ፣ ደሙ ደርቆ ዱካው ከጤነኞቹ ጋር ሲቀላቀል ለአዳኙ «ይህ አይሞትም፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ማለትም አገልግሎት ነው። ሰውየው ሌሊቱን ይተኛል።

መዝገቡ የሚጠቅማችሁ ከሁሉም በላይ በመንግሥት ሰዎች ፊት ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንን ሌሊት ጫካ ውስጥ ባትሪና ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሕገ ወጥ አዳኝ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አስባለሁ። እኛ ደግሞ መልካችንም ስማችንም በገጠር አሜሪካ እንግዳ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አስመሳይ እሆናለሁ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉለት። የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ፤ አጋዘኑ አጥር ከተሻገረ የጎረቤቱንም ጠይቁ፤ አልፈቅድም ካለ ገመዱን ሰብስባችሁ ተመለሱ። በወቅቱ መጨረሻ ደብተሩን ለመኮንኑ አሳዩት። ሁለት ወቅት እንዲህ ካደረጋችሁ ራሱ ሰዎችን ወደ እናንተ መላክ ይጀምራል።

በስዊድን ነገሩ የት እንደ ደረሰ ልንገራችሁና ይህን ደብዳቤ ልዝጋ። እዚያ ኤልክ (አሜሪካኖች ሙስ የሚሉትን) ወይም አጋዘን ለማደን የሚወጣ ሰው፣ አውሬው ቢቆስል በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ሊደርስ የሚችል የሠለጠነ ውሻ እንዲያዘጋጅ ሕጉ ያስገድደዋል። ውሻው የእሱ መሆን የለበትም፤ ስልክ ቁጥሩን መያዝ አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ ሊወጣ የሚችለው ደግሞ ስልኩን የሚያነሣ ሰው በየአካባቢው ካለ ብቻ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ለአሁኑ ብሔራዊ የሚለውን ቃል ተዉት። ከመካከላችሁ ትዕግሥት ያለው አንዱ ቡችላ ይውሰድ (አንድ ሰው ብቻ፤ የጋራ ውሻ የማንም ውሻ አይደለም)። ሌሎቻችሁ ስልክ አንሡ፣ የልምምድ ዱካ ዘርጉ፣ የመሬት ባለቤቶችን ተዋወቁ። ሁላችሁም በነባሩ ብሔራዊ ማኅበር ተመዝገቡና ፈተናውን ውሰዱ። ከእድራችሁ ደንብ የምትወስዱት አንድ ነገር ካለ፣ ጥሪ ሲመጣ ተራው የደረሰው ያለ ሰበብ መውጣቱን ነው። ገንዘብን በተመለከተ፣ ቤንዚን መቀበል ነውር የለውም፤ «ካላገኘሁ አታስከፍለኝም» የሚል ውል ግን አትግቡ። ውሻችሁን ውሸት ያስተምረዋል፤ እናንተንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። ለሥራው የሚሆነው ውሻ የትኛው ነው? ሥልጠናውስ እንዴት ይጀመራል? (ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ ለአፓርታማ ዳክስሁንድ ይሻላል፤ ባለ ሻካራ ጸጉሩ እሾህ ይችላል። አጭር እግሩ አያታልልህ፤ አፍንጫው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ ሳያልፍ ይሄዳል። ቀስ ማለት በዚህ ሥራ ትልቅ ችሎታ ነው። ፈጣን ውሻ ዱካው ሲታጠፍ ያልፈዋል፤ አንተም ከኋላው ገመድ ይዘህ እሾህ ውስጥ ትጎተታለህ።

ደም ዋናው እንዳይመስልህ። አጋዘን በሰኮናዎቹ መካከል እጢ አለው፤ በረገጠ ቁጥር የራሱን ሽታ ይተዋል። በሚገባ የሠለጠነ ውሻ አንዱን የቆሰለ አጋዘን ከመንጋው ለይቶ ጠብታ ደም በሌለበት የሚከተለው በዚህ ነው። ስለዚህ ከሚያርድ ሰው ደም ብቻ ሳይሆን እግሮቹንም ለምን። ደሙን በትንንሽ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥ (ባለቤትህን አስቀድመህ አስፈቅድ፤ የበርበሬ ድልህ ዕቃ አጠገብ አታስቀምጠው)። እግሮቹን ጫማ ሥር የሚያስሩበት ልዩ የዱካ ጫማ አለ፤ ካጣህ በዱላ ጫፍ አስረህ መሬቱን እየነካህ መሄድ ትችላለህ።

ለቡችላ የመጀመሪያው ዱካ የመኖሪያ ቤት ግቢ ቢያክል ይበቃል፤ ቀጥ ያለ፣ ወዲያው የተዘረጋ፣ መጨረሻው ላይ የአጋዘን ቆዳ ቁራጭ ያለበት። ሲያገኘው ይጎትተው፣ ይናከሰው፤ ደስታው እዚያ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ዛሬ ርዝመቱን ከጨመርክ መታጠፊያ አትጨምር፤ መታጠፊያ ከጨመርክ ሰዓቱን አታስረዝም። እያደር አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ዱካ ላይ ትደርሳለህ። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዱካውን ሌላ ሰው ይዘርጋልህ፤ አንተም የት እንደሚያልፍ አትወቅ። ባለቤቱ መንገዱን ካወቀ ገመዱ ይናገራል፤ ውሻው አፍንጫውን ትቶ እጅህን ማንበብ ይጀምራል።

ጎፈሬ ዱካ ሲጠፋት የምታደርገውን ልግለጽልህ። ጅራቷ መወዛወዙን ያቆማል፤ አፍንጫዋ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ እኔ ቆሜ፣ ገመዱን ላላ አድርጌ፣ አፌን እዘጋለሁ። ወደ ኋላ ተመልሳ እርግጠኛ የነበረችበትን ቦታ ታሸታለች፤ ከዚያ ክብ ትሠራለች። አጋዘን በመጣበት ተመልሶ፣ ወደ ጎን ዘሎ መሄድ ያውቃል፤ ክቡ የሚያዘው ያንን ነው። ስታገኘው ጅራቷ መልሶ ይንቀሳቀሳል፤ ገመዱም አሥር ሜትሩን ሙሉ ይወጠራል። በዚህ መሐል «ወዲህ ነው» እያለ የሚጠቁም አዳኝ ካለ ወደ መኪናው ልከው፤ ቡና ይጠጣ።

ዲቃላ ውሻ ካለህ ግን ሳትሞክረው አትናቀው። የአጋዘን እግር መሬት ላይ ጎትተህ ስታሳየው ጆሮው ከቆመ፣ ሥራው ግማሽ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማታ የመታውን አጋዘን በማግስቱ ጠዋት ባለ ውሻ ጠርቶ አገኘው። ሥጋውን ቤት ሲያመጣ እናቴ «ሞቶ ያደረ በክት ነው» ብለው ድስት አላስነካ አሉ። ምን ይሉናል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ እትዬ፣ በእናትሽና በባለቤትሽ መካከል የሚገባ ሰው ውሻዬም ብትሆን አልልክም። ጥያቄሽ ሁለት ነው፤ ለየብቻ ልውሰደው።

የጤናውን ነገር እችላለሁ። ሌሊቱ ውርጭ ከነበረና አጋዘኑ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ተመትቶ ከነበረ፣ ሥጋው ደህና ሊሆን ይችላል። ሌሊቱ ሞቃታማ ከነበረ፣ ሆዱ ተመትቶ ፈርሱ ከተበተነ፣ ወይም ሲከፈት ሽታው ከጠረነና ሥጋው አረንጓዴ ካደረገ ጣሉት፤ በርበሬ አያድነውም። ሌላም አለ፤ በቨርጂንያ አንዳንድ አካባቢዎች አጋዘንን የሚያከሳ የአንጎል በሽታ ተገኝቷል። ግዛቱ ለአዳኞች ምርመራ ያደርጋል፤ ውጤቱ ሳይመጣ አትብሉ፤ በሽታው ከተገኘበት ጨርሶ አትብሉ።

የሃይማኖቱ ነገር የእኔ ወንበር አይደለም። በዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥረዋል፤ የእናትሽ ጥያቄ ግን ስለ እንስሳው ዓይነት ሳይሆን ስለ አሟሟቱ ነው፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሙስሊም አንባቢዎችም የሚጠይቁኝ አሉ፤ የሠለጠነ አዳኝ ውሻ በሱረቱል ማኢዳ ስለ ተጠቀሰ ዝርዝሩን ሼኻችሁ ያውቁታል። እኔ የምለው ለባለቤትሽ ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ይህን በቤቱ ይጨርስ። ሥጋው የማይበላ ከሆነ ለአማትህ ብለህ ሌሊት ጫካ ውስጥ ማደር ምን ያደርግልሃል?

ጥያቄ፦ በአገራችንም በፈቃድ በሚታደንባቸው ሥፍራዎች ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ ይኖራል። እንዲህ ያለ ብሔራዊ የውሻ ማኅበር ለምን በኢትዮጵያ አይቋቋምም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሐሳብህ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ምክንያቴን ልንገርህ።

ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ወቅት የሚያድነው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። እኛ አገር ደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚያድኑት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸውም ጋር ዱካ የሚያነቡ የአካባቢው ተወላጆች ይሄዳሉ። የተሰበረ ሣር፣ የተገለበጠ ድንጋይ፣ ቅጠል ላይ ያለ አንድ ጠብታ አይተው ሰዓቱን የሚገምቱ ሰዎች ናቸው። ውሻ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው በጠፋበት አገር ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በእኛ ደጋ ብቻ ነው፤ ለአቅመ መውለድ የደረሱት አምስት መቶ ገደማ ናቸው። ትልቁ ክፍላቸው ያለው በባሌ ተራሮች ነው። እነዚህን ቀበሮዎች በጅምላ የሚገድላቸው ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ በ1991 እና 1992፣ እንደገና በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ ተነሥቷል፤ በተያዙት ሸለቆዎች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህል ያለቁበት ጊዜ አለ። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በመንደሮቹ ያሉ ውሾችን ሲከትብ ኖሯል፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሚበላ ነገር ውስጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ይህ ሁሉ ልፋት ባለበት ደጋ ላይ ከከተማ ውሻ ጭኖ መውጣት፣ ለአንድ የቆሰለ አጋዘን ብሎ ጎጆውን ማቃጠል ነው።

ማኅበር ካማረህ የዱካ አንባቢዎቹን ማኅበር መሥርት። የሚያውቁት በጽሑፍ አልሰፈረም፤ የሚከፈላቸው ከአዳኙ የሆቴል ወጪ ያንሳል፤ ልጆቻቸው ደግሞ ከተማ ገብተዋል። አንድ ሽማግሌ ዱካ አንባቢ ስለ ሣር መሰበር የሚያውቀውን በድምፅ ብትቀዳ ማኅበሩ ተጀመረ ማለት ነው። የባሌ ዘመዶችህ ውሻ ካላቸው ደግሞ ክታቢዎቹ ሲመጡ ያቅርቡት፤ ሌሊትም አስረው ያሳድሩት።